ቤቱ ሞልቶ ለምን ከሰረ? የሙዚቃ ቤት ለመክፈት ላሰባችሁ የንጽጽር መመሪያ

አርብ ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ወንበር የማይገኝበት ቤት ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ። ሰው በር ላይ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ባንዱ ጥሩ ነው፣ ድምፃውያኑ ይወደዳሉ። ባለቤቱን ያገኘው ሁሉ «አንተማ ብሩን እየዛቅከው ነው» ይለዋል።

ሒሳቡን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ወሩ ሲያልቅ ኪራዩ ከየት እንደሚመጣ ቁጭ ብለን የምንጨነቀው እሱና እኔ ነን። 3 ዓመት ታገለ። ከዚያ ዘጋው። ቤቱን ሰው ስለጠላው አልተዘጋም። እስከ መጨረሻዋ ቅዳሜ ሞልቶ ነበር። ሒሳቡ ገና ከመክፈቻው ቀን ጀምሮ የማይገጥም ሒሳብ ነበር፤ ያንን ግን ያየነው ዘግይተን ነው።

ከዚያ ወዲህ ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች ይደውሉልኛል። «ቦታ አግኝቻለሁ፣ ባንድም አለኝ፣ ያዋጣል ወይ?» ይላሉ። ይሄ ጽሑፍ ለእነሱ የምሰጠው መልስ ነው። አዲስ አበባን ይዤ ነው የምጽፈው። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ላሰባችሁ ቁጥሩ ይለያል፣ አካሄዱ ግን አንድ ነው።

መጀመሪያ መመዘኛው

ብዙ ሰው ከቦታው ይጀምራል። ቤቱን አይቶ ይወደዋል። መድረኩ የት እንደሚሆን በዓይኑ ይታየዋል። ቀጥሎ ሳውንድ ሲስተም ይገዛል። ሒሳብ የሚመጣው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። እባካችሁ ገልብጡት። ቦታ ከማየታችሁ በፊት ለነዚህ 6 ጥያቄዎች መልስ ይኑራችሁ።

1. አንድ ምሽት ስንት ያስወጣል? የወሩን ኪራይ፣ ደሞዝ፣ መብራትና ጥበቃ በምትሠሩባቸው ምሽቶች ቁጥር አካፍሉት። ቤቱ ባይከፈትም የሚቆጥረው ይሄ ነው።

2. ከአንድ እንግዳ በእጃችሁ የሚቀረው ስንት ነው? የከፈለውን ሳይሆን የሚቀረውን። ቫቱ ይወጣል፤ የመጠጡና የምግቡ መግዣም ይወጣል።

3. ሙዚቀኛውን ማን ይከፍለዋል? ቤቱ? እንግዳው በሽልማት? ወይስ ትኬቱ? ከሁሉም መመዘኛ በላይ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው። አንዱን የሙዚቃ ቤት ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

4. ደካማው ቀንና ደካማው ወር ምን ይመስላል? ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ስምንት ሳምንት ሊሞላ ምንም አይቀረው። ፍልሰታ ሁለት ሳምንት ይጨምራል። አካባቢያችሁ ሙስሊም ደንበኛ የሚበዛበት ከሆነ ረመዳንም አለ። በሌላ በኩል ገና፣ ጥምቀት፣ ከፋሲካ በኋላ ያለው የሠርግ ወቅት፣ ዲያስፖራው ለዕረፍት የሚገባባቸው ሐምሌና ነሐሴ ጥሩ ናቸው። ዓመቱ እኩል 12 ወር አይደለም።

5. ጎረቤት ማን ነው? በአገራችን የአካባቢ ደረጃ መሠረት በመኖሪያ ሰፈር ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚፈቀደው ድምፅ 45 ዴሲቤል ነው፤ በንግድ አካባቢ 55። በቅርበት ሲለካ የድራም ድምፅ ብቻ ከ100 ያልፋል። ባንዱ መድረክ የሚወጣበትና ደረጃው ጠበቅ የሚልበት ሰዓት ደግሞ አንድ ነው።

6. ነገ ተነሱ ብትባሉ ምን ይዛችሁ ትወጣላችሁ? ካዛንቺስ ለብዙ ዓመት የአዝማሪ ቤቶች ሰፈር ነበር። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ፈንዲቃን የመሰለ ስም ያለው ቤት እንኳ የኖረበትን ግቢ ለቋል። ግድግዳ ላይ የለጠፋችሁት ድምፅ መከላከያ አብሯችሁ አይሄድም። ሚክሰሩና ስፒከሩ ይሄዳል።

አዝማሪ ቤት

ትንሽ ክፍል ነው። ማሲንቆ፣ አንዳንዴ ክራርና ከበሮ፣ ሦስት አራት አዝማሪዎች። መግቢያ አይከፈልም። አዝማሪው የእንግዳውን ስም ይጠይቅና እዚያው ግጥም ይሠራለታል። እንግዳው ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። እንግዲህ የሙዚቀኛውን ትልቁን ወጪ የሚሸፍነው እንግዳው ነው። ከሒሳብ አንጻር ይሄ የአዝማሪ ቤት ትልቁ ጉልበት ነው።

ለማስረዳት ያህል ቁጥር ልያዝ። ከዚህ ጀምሮ የምጠቅሳቸው ብሮች ሁሉ ስሌቱን ለማሳየት የመረጥኳቸው ናቸው። የገበያ ዋጋ ብላችሁ አትውሰዷቸው፤ የራሳችሁን አስገቡ።

60 ሰው የሚይዝ ቤት ነው እንበል። ኪራይ 80 ሺህ፣ ደሞዝ 60 ሺህ፣ ሌላ ወጪ 30 ሺህ። በወር 170 ሺህ ብር መሆኑ ነው። በ26 ምሽት ሲካፈል 6,540 ብር ገደማ። ለ4 አዝማሪዎች ለእያንዳንዳቸው በምሽት 500 ብር መነሻ ስንጨምር 8,540 ይሆናል። እንግዳው በአማካይ 350 ብር ቢከፍል፣ 15 በመቶ ቫት ሲወጣለት 304 ይቀራል። የመጠጡ መግዣ ከዚህ 45 በመቶውን ቢወስድ በእጃችሁ የሚገባው 167 ብር ነው። ስለዚህ በምሽት 51 ሰው ያስፈልጋል። አዝማሪ ቤት ውስጥ ሰው ይለዋወጣል፤ አንዱ ቡድን ሲወጣ ሌላው ይገባል። በ60 ወንበር 80 ወይም 90 ሰው ማስተናገድ ይቻላል። የማይደረስበት ቁጥር አይደለም።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ቤቱ ሲሞላ «ላስፋው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። እኔ አልመክርም። አዝማሪ እንግዳውን በዓይኑ ማግኘት አለበት። ክፍሉ ሲሰፋ ጨዋታው ወደ ማይክራፎን ይሄዳል፣ ስፒከር ይጨመራል፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ስሙ አይጠራም። ያን ጊዜ ሽልማቱም አብሮ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ አዝማሪውን ሙሉ በሙሉ ለሽልማት የሚተዉ ቤቶች አሉ። መነሻ ክፍያ የለም። ለቤቱ ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን ዝናብ የዘነበባት ማክሰኞ አዝማሪው ባዶ ኪስ ይዞ ይሄዳል፤ ከሦስት እንዲህ ያለ ምሽት በኋላ ደግሞ ሌላ ቤት ነው የምታገኙት። ሰው የሚመጣው እሱን ብሎ ነው። 500 ብሩን ቆርጣችሁ ክፈሉት።

ባንድ ያለው ላውንጅ ወይም ጃዝ ክለብ

ሰው ሁሉ ሊከፍት የሚፈልገው ይሄን ነው። እኔም የምወደው ይሄን ነው። የከሰረው ቤታችንም ይሄ ነበር። ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልሂድ።

120 ወንበር። ኪራይ በወር 300 ሺህ ብር፣ የሠራተኛ ደሞዝ 200 ሺህ፣ መብራት፣ የጀነሬተር ነዳጅ፣ ጥበቃና ጥገና 100 ሺህ። ድምር 600 ሺህ። በሳምንት 5 ምሽት ብንሠራ በወር 22 ምሽት ገደማ ነው። አንዷ ምሽት በሩ ሳይከፈት 27 ሺህ ብር ተሸክማለች።

አሁን ባንዱ ይምጣ። ድራም፣ ቤዝ፣ ሊድ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ሳክስፎን፣ ሁለት ድምፃውያን። 7 ሰው። ለእያንዳንዱ 3 ሺህ ብር፣ ለሳውንድ ባለሙያው 2 ሺህ። 23 ሺህ ሆነ። ምሽቷ 50 ሺህ ብር ደረሰች።

እንግዳው በአማካይ 700 ብር ይክፈል። ቫቱ ሲወጣ 609። የመጠጡና የምግቡ መግዣ 45 በመቶ ሲወጣ 335 ብር ይቀራል። 50 ሺህን ለ335 አካፍሉት። 149 ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። ወንበሩ ግን 120 ነው።

ሞልቶም የሚከስር ቤት ማለት ይሄ ነው። ባለቤቱ አርብ ማታ የሞላውን ወንበር ያያል። አርብ ራሷ ግን ኪሳራ ናት።

መፍትሔው ምንድን ነው? የመጀመሪያው መግቢያ ማስከፈል ነው። ብዙ ባለቤቶች ይፈራሉ፣ «ሐበሻ መግቢያ አይከፍልም» ይላሉ። ለጥሩ ባንድ ይከፍላል። 200 ብር መግቢያ ከቫት በኋላ 174 ብር ነው፤ የመግዣ ወጪ ስለሌለበት ሙሉው ይቀራል። በእጃችሁ የሚገባው ከ335 ወደ 509 ያድጋል። አሁን የሚያስፈልገው 99 ሰው ነው። ከ120 ወንበር ውስጥ 99 ቀላል አይደለም፤ ግን ይቻላል።

ሁለተኛው ባንዱን በየምሽቱ አለማሠራት ነው። ሐሙስ፣ አርብና ቅዳሜ ሙሉ ባንድ። በቀሩት ሁለት ምሽቶች አንድ ኪቦርድና አንድ ድምፃዊ፣ በ6 ሺህ ብር፣ ያለ መግቢያ። የነዚያ ምሽቶች ወጪ ወደ 33 ሺህ ይወርዳል። እዚያም የሚያስፈልገው 100 ሰው ገደማ ነው።

«ማክሰኞ ማን 100 ሰው ያመጣል?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ አይመጣም። ታዲያ ማክሰኞን እንዝጋ? ቆይ። ኪራዩ ብትዘጉም ይከፈላል። አስተናጋጁም በወር ደሞዝ ነው። ማክሰኞ ስለተከፈተች የሚጨመረው ወጪ በዋናነት የሁለቱ ሙዚቀኞች 6 ሺህ ብር ነው። 6 ሺህን ለ335 ስናካፍለው 18 ሰው። 40 ሰው ከመጣ 13,400 ብር ይገባል፤ 6 ሺሁን ከፍላችሁ 7,400 ብር ለኪራዩ ታዋጣላችሁ። ማክሰኞ ብቻዋን አታተርፍም፣ ግን ታግዛለች። ሙሉ ባንድ ብታቆሙባት ደግሞ በዚያው 40 ሰው ወደ 10 ሺህ ብር ትበላለች። እኛ ያደረግነው ይሄን ነበር፤ 3 ዓመት ሙሉ ማክሰኞና ረቡዕ 7 ሰው መድረክ ላይ፣ 30 ሰው ወንበር ላይ።

ከዚያ ጾሙ አለ። በዐቢይ ጾም የሰው ቁጥር ከ100 ወደ 50 ይውረድ እንበል። በእያንዳንዱ ምሽት 16,750 ብር ይጎድላል። 8 ሳምንት፣ በሳምንት 5 ምሽት፣ 40 ምሽት። 670 ሺህ ብር። ይሄ ደግሞ ባንዱን አሳርፋችሁ በሁለት ሰው ስትሠሩ ነው። ገንዘቡ ከጥምቀት በፊት ባንክ ውስጥ መቀመጥ አለበት። «በጾም እንበደራለን» ብሎ የጀመረ ቤት ፋሲካን በዕዳ ነው የሚቀበለው።

ዕቃውን በተመለከተ፣ በመጀመሪያው ዓመት አትግዙ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ከውጭ የሚመጣ ሚክሰርና ስፒከር አብሮ ወጥቷል። ሳውንድ ሲስተም የሚያከራዩ አሉ፤ በወር ተዋዋሉ። ቤቱ ዓመት ከቆመ ያን ጊዜ ትገዛላችሁ።

ስለ እሳትና መድን ብዙ ሰው አያነሳም። በጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዛምባ ጥሩ የጃዝ ቤት ነበር። በጥር 2007 ዓ.ም. ታሪካዊው ሆቴል ሲቃጠል አብሮ ሄደ። መድረክ፣ መጋረጃ፣ እንጨት፣ የድምፅ መከላከያ ስፖንጅ፣ በአንድ ሶኬት የተደራረበ ገመድ፤ የሙዚቃ ቤት ለእሳት ቅርብ ነው። የኤሌክትሪክ መስመሩን በባለሙያ አስፈትሹ። የመድን ክፍያውንም ከወርሃዊው 100 ሺህ ውስጥ አስገቡት።

አንድ ሌላ የሚረሳ ወጪ አለ። ባንዱ የሚጫወተው አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ሰው ዘፈን ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው 872/2007 ለባለመብቱ ክፍያ እንዲደርሰው ያዛሉ። ዘፈኑ የእንጀራው ምንጭ የሆነ የግጥምና ዜማ ደራሲ አለ። ለእሱ የሚሆነውን ከወዲሁ በወጪ ዝርዝር ውስጥ ጻፉት።

የባህል ምግብ ቤት ከነመድረኩ

ዮድ አቢሲኒያን ወይም 2000 ሐበሻን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ሰፊ አዳራሽ፣ መሶብ፣ ጠጅ፣ ከእስክስታ እስከ ጉራጊኛ የሚጨፍር ቡድን። ሙዚቀኛውና ተወዛዋዡ በወር ደሞዝ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ቋሚ ወጪው ከላውንጅ ይበልጣል፤ ሰው ቢመጣም ባይመጣም 15 እና 20 ሰው ደሞዝ ይጠብቃል።

ጉልበቱ ወጥ ቤቱ ነው። ቀን ምሳ ይሸጣል። ጾም ሲገባ ላውንጁ ሲቀዘቅዝ እዚህ በያይነቱ ይወጣል። ሠርግ፣ ምርቃት፣ የመሥሪያ ቤት ግብዣ ይመጣል። በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲደረግ ከተማው እንግዳ ይሞላል።

ድካሙ ቱሪስት ላይ መንጠልጠሉ ነው። ኮቪድ በ2012 ዓ.ም. ሲመጣ፣ ቀጥሎም ጦርነቱ ሲነሳ፣ የውጭ እንግዳ ጠፋ። በውጭ እንግዳ ላይ ብቻ ዕቅዱን የሠራ ቤት ተንገዳገደ፤ የአገር ሰው የሚበላበት ቤት ቆየ። ዕቅዳችሁን ስትሠሩ ቱሪስቱን ከቁጥሩ ውስጥ አውጡትና አስሉ። ያለ እሱ ወጪውን ከሸፈነ፣ እሱ ሲመጣ ትርፍ ነው።

የምግብ ሥራ ለማታውቁ አልመክረውም። ሙዚቃ መውደድ ጥሬ ሥጋ ማስተዳደርን አያስተምርም።

የትኬት ኮንሰርት አዳራሽ

ባጭሩ ልለፈው። አዳራሽ አትሥሩ፤ ተከራዩ። ለኢትዮጵያ ሚሊኒየም በ2000 ዓ.ም. የተሠራው ሚሊኒየም አዳራሽ እንኳ በኮንሰርት ብቻ አይኖርም፤ ባዛርና ኤግዚቢሽን ያስተናግዳል። ሰው ትልቅ ኮንሰርት የሚገባው በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በፋሲካ ዙሪያ ነው። በዓመት ለጥቂት ምሽት የሚሆን ጣሪያ ዓመቱን ሙሉ መሸከም አያዋጣም። ኮንሰርት ማዘጋጀት የሚያዋጣው ለሁለት ነገር አቅም ላለው ነው፤ ለአርቲስቱ ቅድሚያ ከፍሎ፣ ዝግጅቱ በመጨረሻው ሰዓት ቢሰረዝ ለመትረፍ። በተበደረ ገንዘብ አይሞከርም።

የሰው ቤት ውስጥ ቋሚ ምሽት

ብዙ ሰው ይሄን እንደ አማራጭ አይቆጥረውም። እኔ ግን ለጀማሪ የማስቀድመው እሱን ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሆቴል ወይም ሬስቶራንት ሐሙስ ማታ ባዶ አዳራሽ አለው። እናንተ ባንድ አላችሁ። መግቢያው የእናንተ፣ ባሩ የሆቴሉ። በሙዚቃችን ታሪክም አዲስ አይደለም። ዋልያስ ባንድ ሒልተን ውስጥ ነበር የሚሠራው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ሲመጣ የቆዩት ብዙዎቹ ባንዶች ሆቴል ውስጥ የተጠጉት ናቸው። የሙላቱ አስታጥቄ አፍሪካን ጃዝ ቪሌጅም የተከፈተው ግዮን ሆቴል ግቢ ውስጥ ነው።

ስሌቱን እዩት። ባንዱ ያው 23 ሺህ ብር። መግቢያ 300 ብር፣ ከቫት በኋላ 261። የሚያስፈልገው 88 ሰው ነው። 100 ሰው ከመጣ 3 ሺህ ብር ገደማ ይተርፋል። 80 ከመጣ 2 ሺህ ብር ገደማ ይጎድላል። ትርፉ ትንሽ ነው። ጉዳቱ ግን በአንድ ምሽት የተገደበ ነው፤ ኪራይ የለም፣ ጀነሬተር የለም፣ የአስተናጋጅ ደሞዝ የለም። ከባሩ ላይ ትንሽ ድርሻ ከተደራደራችሁ ደግሞ ይሻሻላል።

ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። ከ12 ሳምንት በኋላ በወሬ ሳይሆን በቁጥር ታውቃላችሁ። ስንት ሰው ከፍሎ ይገባል? ስንቱ ይመለሳል? ባሩ ውስጥ በአማካይ ስንት ያወጣል? ሆቴሉ ይሄን እንዲያሳያችሁ ውሉ ውስጥ አስገቡ።

ችግሩ ሆቴሉ ምሽቷ ስትሞቅ «ራሴ እሠራዋለሁ» ሊል መቻሉ ነው። የምሽቷ ስምና የእንግዶቹ ስልክ ቁጥር በእናንተ እጅ ይሁን።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| መመዘኛ | አዝማሪ ቤት | ባንድ ላውንጅ | የባህል ምግብ ቤት | ኮንሰርት (በኪራይ አዳራሽ) | ቋሚ ምሽት በሰው ቤት |
|---|---|---|---|---|---|
| መነሻ ገንዘብ | ዝቅተኛ | ከፍተኛ | በጣም ከፍተኛ | በአንድ ጊዜ ከፍተኛ | በጣም ዝቅተኛ |
| ሙዚቀኛውን የሚከፍለው | በአብዛኛው እንግዳው በሽልማት | ቤቱ | ቤቱ በወር ደሞዝ | ትኬቱ | መግቢያው |
| በምሳሌው የሚያስፈልገው ሰው በምሽት | 51 | 99 (ከመግቢያ ጋር) | እንደ ወጥ ቤቱ | እንደ አርቲስቱ ክፍያ | 88 |
| ዐቢይ ጾም | ይጎዳል | በጣም ይጎዳል | ይቋቋማል | ቀኑን መምረጥ ይቻላል | ማቋረጥ ይቻላል |
| የድምፅና የጎረቤት ጣጣ | መካከለኛ | ከባድ | መካከለኛ | የአዳራሹ | የሆቴሉ |
| ተነሱ ቢባል | ዕቃው ይወጣል | እድሳቱ ይቀራል | ወጥ ቤቱ ይቀራል | አይመለከትም | ወደ ሌላ ሆቴል |

ለማን የትኛው?

ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ፣ ሙዚቀኞች የምታውቁ ከሆነ፣ በቋሚ ምሽት ጀምሩ። 12 ሳምንት የሚያስኬድ የባንድ ክፍያ ያዙ፤ በምሳሌው 276 ሺህ ብር ነው። መግቢያው ብዙውን ይመልሰዋል። ካልመለሰው ላውንጅ መክፈት እንደሌለባችሁ በርካሽ አወቃችሁ።

መካከለኛ ገንዘብ ያላችሁና ቤቱ ውስጥ ራሳችሁ የምትውሉ፣ አዝማሪ ቤት። ባለቤቱ እንግዳውን በስም የሚያውቅበት ሥራ ነው። በሌለበት አይሠራም።

ላውንጅ ለመክፈት ቆርጣችሁ ከተነሳችሁ፣ ከመክፈቻው ወጪ ሌላ የ6 ወር ቋሚ ወጪ ይኑራችሁ። በምሳሌው 3.6 ሚሊዮን ብር ነው። ይሄ ከሌለ ቆዩ። የኪራይ ውሉንም ልብ በሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ የመኖሪያ ቤትን ብቻ ይመለከታል። ለንግድ ቤት የሚጠብቃችሁ ውላችሁ ነው። የጭማሪው ጣሪያና የማስለቀቂያ ጊዜው በጽሑፍ ይቀመጥ። ሰፈሩ በልማት ዕቅድ ውስጥ ካለ ከክፍለ ከተማው ጠይቁ፤ አከራዩ ላይነግራችሁ ይችላል።

ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ሆናችሁ ገንዘብ ለመላክ ላሰባችሁ ደግሞ፣ የሌሊት ሥራ ጥሬ ገንዘብ የሚበዛበት ሥራ ነው። የመጠጥ ቆጠራ በየቀኑ ካልተሠራ ብሩ በባንኮኒ በኩል ይፈሳል። ቤተሰብን ከገንዘብ ጋር አታጋጩ። እዚህ ሆኖ በየጠዋቱ ስቶክ የሚቆጥር፣ በሙያው ደሞዝ የሚከፈለው ሰው ከሌለ፣ ቋሚ ምሽት ላይ ድርሻ መግባት ይሻላል።

ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ቦታ ያገኛችሁ አትቸኩሉ። በአዋጅ 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መጠጥ መሸጥ ክልክል ነው። በሩ ላይ የሚሰለፈው ወጣት ብዙ ቢሆንም ልትሸጡለት የምትችሉት ለስላሳ ነው። እዚያው አዋጅ ውስጥ ሺሻም፣ እንግዳ በሚስተናገድበት ቤት ውስጥ ማጨስም ተከልክሏል። ሺሻን በገቢ ዕቅድ ውስጥ ያየሁበት ጊዜ አለ። ይውጣ። የቢራ ፋብሪካ ስፖንሰርነትንም እንደ ቋሚ ገቢ አትቁጠሩት፤ የመጠጥ ማስታወቂያ በዚሁ አዋጅ ጠቧል።

ቦታ ከመያዛችሁ በፊት አንድ ሥራ አለ። ልትከፍቱ ያሰባችሁትን ዓይነት ቤት፣ በዚያው ሰፈር፣ ምረጡ። ሁለት ማክሰኞ፣ ሁለት ሐሙስ፣ ሁለት ቅዳሜ ሂዱ። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ተቀመጡ። በየሰዓቱ ስንት ወንበር እንደተያዘ ጻፉ። ባንዱ ሲያርፍ ስንት ሰው ተነስቶ እንደሚሄድ ጻፉ። መብራት ቢጠፋ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፉ። እያንዳንዱ ጠረጴዛ ስንት ጊዜ እንዳዘዘም ጻፉ፤ አንድ ቢራ ይዞ ሦስት ሰዓት የሚቆየውንና ደጋግሞ የሚያዘውን ለየብቻ።